ጉሮሮ ሲደርቅና ሲከረክር፦ ሊሆኑ የሚችሉ መንስኤዎችና ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባበት ጊዜ

የጉሮሮ መድረቅና መከርከር ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው። አንድ ሰው ምራቁን በሚውጥበት ጊዜ ጉሮሮው ሲሻክረው፣ እህል የተሰነቀረበት ያህል ሲሰማው ወይም ድምፁን ደጋግሞ ለመጥረግ ሲገደድ ከምልክቱ በስተጀርባ ያለው ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል። ከደረቅ አየር ይጀምራል፤ የልብን ቫልቭ እስከሚጎዳ ሕመም መነሻም ይደርሳል። በአብዛኛው መንስኤው ቀላል በመሆኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይለቃል። ጥቂቱ ግን ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ከተማ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የሽሮ ሜዳ አካባቢ የአየር ጠባይ፣ ሥራና ኑሮ መነሻ በማድረግ መንስኤዎቹን ያብራራል፤ በቤት የሚያዘውን ሕመም በጤና ባለሙያ መታየት ካለበትም ይለያል።

አየሩና ወቅቱ

ሽሮ ሜዳ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ በተራራው ግርጌ ያለ ሰፈር ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ሲሆን ከበላዩ ያለው የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው የውኃ እንፋሎት አነስተኛ ነው። አፍንጫ ይህን አየር አሙቆና አርጥቦ ወደ ውስጥ የማስገባት ተግባር አለው፤ አፍንጫ ሲዘጋ ወይም ሰው ሽቅብ ሲወጣ በአፉ ሲተነፍስ ግን አየሩ እንደ ደረቀ በቀጥታ ጉሮሮን ያገኘዋል።

ስለሆነም በበጋው ወራት፣ በተለይም ሌሊቱ በሚበርድበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ጠዋት ጉሮሮው ደርቆ የሚነሣ ሰው ቁጥር ይጨምራል። አፍ ከፍቶ የሚተኛና የሚያንኮራፋ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይቸገራል። ምልክቱ ጠዋት ኖሮ ውኃ ወይም ትኩስ ነገር ከተጠጣ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ፣ ትኩሳትም ከሌለ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያሳስብ አይደለም። በቂ ውኃ አለመጠጣትም ተመሳሳይ ስሜት ይፈጥራል። በጾም ወቅት ሳይጠጡ የሚውሉ ሰዎች በሚፈቀደው ሰዓት ውኃን ከቡናና ከሻይ ማስቀደማቸው ይረዳል።

በዚሁ ወቅት ኅዳር 12 ቀን የሚከናወነው «ኅዳር ሲታጠን» የተሰኘው ልማድ መጠቀስ ይገባዋል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ፈጅቷል፤ ዘመኑም «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ሲታወስ ይኖራል። ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ ከዚያ መከራ ጋር ይያያዛል። አካባቢን ማጽዳቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የበሽታው መንስኤ ጭስ የማያስወግደው ቫይረስ ነበር፤ ዛሬ የሚቃጠለው ቆሻሻም በአብዛኛው ፌስታልና ፕላስቲክ በመሆኑ የሚወጣው ጭስ ጉሮሮንና ሳንባን ይጎዳል። አስም ያለባቸው ሰዎች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በዚያ ዕለት ማለዳና ምሽት ከቤት ባይወጡ ይመከራል። ቆሻሻውም ከሚቃጠል ለጽዳት ሠራተኞች ቢሰጥ ይሻላል።

ጭስ፣ አቧራና የሸማ ሥራ

ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ለአካባቢው ማዕድ ቤቶች የቆየ ማገዶ ነው። ቅጠሉ ቶሎ ይያያዛል፤ ጭሱ ግን ብዙ ነው። መስኮት በሌለው ጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ እንጀራ የምትጋግር ሴት፣ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም ጭምር፣ ከምጣዱ ሥር የሚወጣውን ጭስ ለሰዓታት ይተነፍሳሉ። ዓይን ማቃጠል፣ ጉሮሮ መከርከርና ደረቅ ሳል የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። ጭሱ ለዓመታት ሲቀጥል ወደ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ሊያመራ ይችላል፤ በሕፃናት ላይም የሳንባ ምች ተጋላጭነትን ይጨምራል። እንደ ምርጥ ምድጃ ያሉ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችን መጠቀም፣ ማገዶውን በደንብ ማድረቅ፣ በርና መስኮት መክፈትና ሕፃናትን ከማዕድ ቤት ማራቅ ጉዳቱን ይቀንሳሉ። የከሰል ጉዳይ ከዚህ የከፋ ገጽታ አለው። ከሰል ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያመነጭ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አቀጣጥሎ መተኛት ሕይወት ያሳጣል።

ሽሮ ሜዳ በአገር ባህል ልብስ ገበያው ይታወቃል። በአካባቢው ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ለበርካታ ዓሥርተ ዓመታት በሙያው ሲሠሩ ኖረዋል። ጥጥ ሲዳመጥ፣ ባዘቶ ሲፈተል፣ ድር ሲዘረጋና ማግ ሲወረወር የሚነሣው ስስ የጥጥ ብናኝ በዓይን እምብዛም አይታይም፤ ጉሮሮ ላይ ግን ያርፋል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ገበያ ሲባል ሸማኔው ሌሊቱን ጨምሮ በሚሠራበት ሰሞን ጉሮሮው የሚከረክረው ለዚህ ነው። ዕረፍት ባደረገበት ቀን ምልክቱ ቀልሎ ሥራ ሲጀምር ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ መንስኤው ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆኑን ያመለክታል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በተደረጉ ጥናቶች፣ የጥጥ ብናኝ ለረጅም ጊዜ የሚተነፍሱ ሠራተኞች ከዕረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ደረታቸውን የሚጨንቃቸው «ቢሲኖሲስ» የተባለ የሳንባ ሕመም እንደሚይዛቸው ታውቋል። ደረቱን የሚያፍነው ወይም የሚያስለው ሸማኔ ለጤና ባለሙያ ሥራው ምን እንደሆነ መናገር አለበት፤ ባለሙያው ካልተነገረው ሊገምተው አይችልም።

ለመከላከል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የሥራውን ቤት ወለል በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ ውኃ አርከፍክፎ መጥረግ፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ብናኝ በሚበዛበት ጊዜ አፍና አፍንጫን በጭምብል ወይም በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ የሥራ ልብስን ከመኝታ ክፍል ውጭ ማስቀመጥ በቂ ጅምር ነው። በርበሬ የሚያምሱ፣ በወፍጮ ቤት የሚሠሩና በመንገድ ዳር የሚነግዱ ሰዎችም ይህንኑ ቢያደርጉ ይጠቀማሉ። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲጠሩ የሚውሉ ነጋዴዎች ጉሮሯቸው የሚሻክረው ግን በአቧራው ብቻ ሳይሆን በድምፃቸው መድከም ጭምር ስለሆነ በየመካከሉ ውኃ መጠጣትና ድምፅን ማሳረፍ ያስፈልጋቸዋል።

ጉንፋንና ሌሎች የተለመዱ መንስኤዎች

ከሁሉም በላይ የተለመደው መንስኤ ጉንፋን ነው። በመጀመሪያው ቀን ጉሮሮ ይከረክራል፤ ከዚያ ማስነጠስ፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ድምፅ መጎርነንና ሳል ይከተላሉ። መንስኤው ቫይረስ በመሆኑ አሞክሳሲሊንና ሌሎች ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ምንም አይፈይዱም። ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጉሮሮው ይሻላል፤ ሳሉ ግን ትንሽ ሊቆይ ይችላል።

አለርጂም አለ። ክረምቱ ወጥቶ አበባና ሣር በሚበዛበት በመስከረምና በጥቅምት፣ ወይም አቧራ በሚነሣበት ጊዜ አፍንጫ የሚያሳክከው፣ የሚያስነጥሰውና ዓይኑ የሚያነባ ሰው ከአፍንጫው ጀርባ ወደ ጉሮሮው የሚወርደው ፈሳሽ ይከረክረዋል። ትኩሳት አይኖረውም።

ሰዎች እምብዛም የማይጠረጥሩት መንስኤ ቃር ነው። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ፣ በተለይ ከእራት በኋላ ወዲያው ለሚተኛ ሰው፣ ጠዋት ጉሮሮው ደርቆና መሮ ያገኘዋል፤ አንዳንዱ ደረቱን ሳያቃጥለው ጉሮሮው ብቻ ሊታመም ይችላል። ከመተኛት ሁለትና ሦስት ሰዓት አስቀድሞ መብላት፣ ቅባትና በርበሬ የበዛበትን ምግብ ማታ መቀነስና ትራስን ከፍ ማድረግ ይረዳሉ።

አንዳንድ መድኃኒቶችም ይህን ስሜት ያመጣሉ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰዎች ላይ የማያቋርጥ ደረቅ ሳልና የጉሮሮ መከርከር ያስከትላል፤ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ የአለርጂ መድኃኒቶችና አሚትሪፕቲሊን አፍን ያደርቃሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የደም ግፊት መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ከሳሉ የከፋ አደጋ ያመጣል። ለሐኪም ቢነገር በሌላ መድኃኒት ሊተካ ይችላል። ሲጋራ ማጨስና ጫት መቃም አፍንና ጉሮሮን እንደሚያደርቁ የሚታወቅ ነው። አፉ ዘወትር የሚደርቅ፣ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣና ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት የሚነሣ ሰው ግን የስኳር ምርመራ ማድረግ አለበት።

ከገጠር በቅርቡ የመጣ ወይም ከምንጭና ከወራጅ ውኃ በቀጥታ የጠጣ ሰው ጉሮሮው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ከተሰማው፣ በተለይም ደም ከተፋ ወይም ነስር ካዘወተረው፣ አልቅት ሊሆን እንደሚችል መታሰብ ይኖርበታል። የጤና ባለሙያ በመሣሪያ ያወጣዋል፤ በቤት ውስጥ ለማውጣት መሞከር አይገባም።

በልጆች ላይ፦ ከጉሮሮ እስከ ልብ

ወላጆች ከሁሉም በላይ ማወቅ የሚገባቸው ይህን ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚደርስ የጉሮሮ ሕመም አንዳንድ ጊዜ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ሕመሙ በድንገት ይጀምራል፤ ልጁ ያተኩሰዋል፣ ሲውጥ ያመዋል፣ ከመንጋጋው ሥር ያሉት ንፍፊቶች አብጠው ሲነኩ ያሙታል፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል። ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ የለም። እነዚህ ምልክቶች ጉንፋንን ከባክቴሪያው ለመለየት ይረዳሉ እንጂ በቤት ውስጥ እርግጠኛ ለመሆን አያስችሉም።

የጉሮሮው ሕመም በራሱ ጊዜ ሊሻለው ይችላል፤ አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው። ልጁ ዳነ ተብሎ ትምህርት ቤት ከተመለሰ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ የራሱን አካል ማጥቃት ሊጀምር ይችላል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። ጉልበትን፣ ቁርጭምጭሚትን፣ ክርንን እያፈራረቀ ያማል፤ ያተኩሳል፤ ከሁሉም የከፋው የልብ ቫልቮችን ያቆስላል። ሲደጋገም ቫልቮቹ ይጠባሉ ወይም በደንብ መግጠም ያቅታቸዋል። ብዙ ወላጆች ጉዳዩን የሚያውቁት ልጃቸው ዳገት መውጣት ሲያቅተው፣ ሲተነፍስ ሲያለከልክ ወይም እግሩ ሲያብጥ ነው። በዚያ ደረጃ ላይ ለደረሰ ልጅ የሚቀረው ለዓመታት የሚቀጥል መርፌና የልብ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለቀዶ ሕክምናው ደግሞ ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች ብዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ በቀላል ሕክምና ሊቀር የሚችል ነው። በጤና ጣቢያ የሚሰጥ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ፣ ወይም ለ10 ቀናት በአፍ የሚወሰድ አሞክሳሲሊን ባክቴሪያውን ያጠፋዋል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ የተጀመረ ሕክምና የሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን የዘገየ ወላጅም «አልፏል» ብሎ መተው የለበትም። ልጁ በሦስተኛው ቀን ተሻለው ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ፣ የተረፈውንም ለሌላ ጊዜ ወይም ለሌላ ልጅ ማስቀመጥ ትልቅ ስሕተት ነው። በአንድ ክፍል ብዙ ልጆች በሚያድሩበት ቤት ባክቴሪያው በቀላሉ ስለሚተላለፍ አንዱ ሲታመም ሌሎቹንም መከታተል ያስፈልጋል። ቀደም ሲል የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋውን መርፌ ጤነኛ ቢመስልም ማቋረጥ የለበትም።

ሌላው በልጆች ጉሮሮ ላይ የሚመጣ አደገኛ በሽታ ዘጊ አናዳ (ዲፍቴሪያ) ነው። ጉሮሮ ውስጥ ግራጫ ሽፋን ሠርቶ ትንፋሽን ይዘጋል። ክትባቱ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት ከሌሎች ክትባቶች ጋር በነፃ ይሰጣል።

እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማፍረጥ

ሕፃን ሲያስለው፣ ሲያስመልሰው ወይም ጡት አልጠባ ሲል «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ በባህላዊ አዋቂ ዘንድ እንዲቆረጥ የሚያደርጉ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። ቶንሲል በጣት ወይም በጥፍር የሚያፈርጡም አሉ። አድራጊዎቹ ክፉ ሐሳብ የላቸውም፤ የሚያስቆርጡትም ልጃቸውን ለማዳን ብለው ነው። ሆኖም እንጥል ማበጡ የሕመሙ ምልክት እንጂ መንስኤው አይደለም፤ ሲቆረጥም ሳሉ፣ የሳንባ ምቹ ወይም የስትሬፕቶኮከሱ ሕመም እንዳለ ይቀራል። በምትኩ ደም መፍሰስ፣ መመረዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ በጋራ በሚሠራበት ምላጭም ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ይመጣሉ። ሕፃን ብዙ ደም የለውም፤ ለአዋቂ ጥቂት የሚመስል ደም መፍሰስ ለእርሱ ገዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በሰው አካል ላይ ጉዳት ማድረስን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ይዟል። እንጥሉ የተቆረጠ ልጅ ደም ከፈሰሰው፣ ካተኮሰው ወይም መጥባት ካቆመ ቤተሰቡ ወቀሳ ፈርቶ ሳይሸሽግ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሊያደርሰው ይገባል። የጤና ባለሙያው ቀዳሚ ተግባር ልጁን ማትረፍ ነው።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል

ትኩሳት የሌለበት፣ የሚከረክርና የደረቀ ጉሮሮ በሚከተለው መንገድ ሊታገዝ ይችላል። ውኃና ለብ ያለ መጠጥ ደጋግሞ መጠጣት ቀዳሚው ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ መጉመጥመጥና መትፋት ያስታግሳል። ማርና ሎሚ የተጨመረበት የዝንጅብል ሻይም ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ባክቴሪያ ሕፃናትን በጽኑ ይመርዛልና። ጤና አዳምና ዳማ ከሴ በየቤቱ የሚታወቁ ቢሆኑም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች መስጠት አይመከርም። በባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት መታጠን የሚወድ አዋቂ ሰው ድስቱን ከእሳት አውርዶ በጥንቃቄ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ልጆችን ግን ማጠን በፈላ ውኃ የመቃጠል አደጋ ስላለው መቅረት አለበት።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን በቂ ነው። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትን ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት መግዛት ሕጋዊ አይደለም፤ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱትም ያደርጋል።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባበት ጊዜ

መተንፈስ የሚያስቸግረው፣ ሲተነፍስ የሚያሰማው፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት የሚያዝረበርብ፣ አፉን መክፈት ያቃተው ወይም አንገቱ ያበጠ ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ሕክምና መወሰድ አለበት። ለአምቡላንስ በ907 ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ939 መደወል ይቻላል።

የሚያተኩስና ሲውጥ የሚያመው ልጅ ሳይውል ሳያድር ቢታይ ይመረጣል። አዋቂ ሰው ደግሞ ሕመሙ ከሳምንት በላይ ከቆየ፣ ድምፁ ከ3 ሳምንት በላይ ከጎረነነ፣ አንገቱ ላይ እብጠት ካገኘ፣ ጠጣር ምግብ መዋጥ እያቃተው ከሄደ ወይም ያለ ምክንያት ከከሳ መመርመር ይኖርበታል። ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ወደ እንጦጦ ለጸበል የሚመጡ ሕሙማንም ጸበሉን እየተጠቀሙ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ መቀጠል ይችላሉ፤ ሁለቱ አይጋጩም።

የሽሮ ሜዳና የአካባቢው ነዋሪ በቅድሚያ መሄድ ያለበት በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ጉዳይ ሲያጋጥም ጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ጽፎ በክፍለ ከተማው ወደሚገኙት እንደ ቅዱስ ጴጥሮስና ቅዱስ ጳውሎስ ወዳሉ ሆስፒታሎች ይልካል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር፣ ወረፋን ያረዝማል፤ የጤና መድን አባላትንም ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ሊያደርግ ይችላል።

ተገልጋዮች ሲመጡ የቀበሌ መታወቂያና የታደሰ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ ይዘው ይቅረቡ። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙን ከማስታወስ ይልቅ ማሸጊያውን ራሱን ማምጣት ይሻላል። ለሕፃናት የክትባት ካርድ ያስፈልጋል። ከቤት ለመውጣት ለሚቸገሩ አረጋውያንና አራሶች በየወረዳው የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት በሚያደርጉት ጉብኝት ሊጠየቁ ይችላሉ።